መጀመሪያ «አሁን የት ነሽ?» በያት፦ ለወታደር ቤተሰብና ለተማሪ በርቀት ምክር ስለመስጠት

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ ውስጥ ላይሰንስ ያለኝ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። እስካሁን የሠራሁት ቢሮ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ነው። የአንድ ወታደር ባለቤትና የ14 ዓመት ሴት ልጇ ደንበኞቼ ናቸው፤ ሐበሾች ናቸው። በሚቀጥለው ወር ከፎርት ቤልቮር ወደ ዋሽንግተን ስቴት ይዛወራሉ። ልጅቷ ‹በቪዲዮ እንቀጥል› እያለች ትለምነኛለች። ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የእኛ ልጆች በኦንላይን እንዳያቸው እየጠየቁኝ ነው። ከምን ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን አየሁ። በርቀት መሥራት ስጀምር የትኛው ካሜራ ይሻላል፣ መብራቱ ከየት በኩል ይምጣ፣ ከጀርባዬ ምን ልስቀል እያልኩ አንድ ወር ፈጅቻለሁ። ካሜራው ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ይበቃ ነበር። ማወቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «አሁን የት ነሽ?»

አሁን ሰላምታ እንደተለዋወጥን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። በየሳምንቱ፣ ሳላሰልስ። ደንበኞቼ ስለለመዱት ሳልጠይቃቸው «ቤት ነኝ፣ መኝታ ቤት፣ በሩ ተዘግቷል» ይሉኛል። ሕጉም፣ ደህንነቱም፣ ምስጢሩም፣ ሰዓቱም የሚንጠለጠለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ሕጉ አሰልቺ ስለሆነ እሱን ቀድመን እንገላገለው። አሜሪካ ውስጥ የሚታየው ደንበኛዋ በዚያ ሰዓት የተቀመጠችበት ስቴት ነው። አንቺ የትም ሁኚ፣ እሷ ባለችበት ስቴት መሥራት የሚያስችል ፈቃድ ሊኖርሽ ይገባል። ሩቅ ሳንሄድ የራስሽን ሰፈር ውሰጂ። አሌክሳንድሪያ የምትኖር ደንበኛ ምሳ ሰዓት ላይ ዲሲ ካለው መሥሪያ ቤቷ ብትደውልልሽ ሌላ ሕግ ውስጥ ገብታለች። ማታ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቷ ቤት ሆና ብትደውል ደግሞ ሌላ። ድልድይ በተሻገረች ቁጥር ሕግ ትሻገራለች። የስልኳ ኮድም እንዳያታልልሽ። የወታደር ቤተሰብ ከሦስት ጦር ሰፈር በፊት ያወጣውን ቁጥር ይዞ ነው የሚዞረው። ቁጥሩ የቴክሳስ፣ ሰውየው ጀርመን።

የካውንስሊንግ ኮምፓክት የሚባለውን፣ የአንዱ ስቴት አማካሪ በሌላው አባል ስቴትም እንዲሠራ የሚያስችለውን የስቴቶች ስምምነት ሳትሰሚ አትቀሪም። ቨርጂኒያም ዋሽንግተንም ሕጉን ተቀብለዋል። ግን መፈረም ሌላ፣ በር መክፈት ሌላ። ፈቃድ መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ላይ ነው፤ ያውም በጥቂት ስቴቶች። ስለዚህ ሁለቱም ስቴቶች ዛሬ ሥራ ጀምረው እንደሆነ ከኮምፓክቱ ኮሚሽን ድረ ገጽ አረጋግጪ። ካልጀመሩ የዋሽንግተንን ላይሰንስ ማውጣት ነው ያለው። አንዳንዱ «እገሌ እኮ 40 ስቴት ውስጥ ይሠራል» ይልሻል። እገሌ ሳይኮሎጂስት ነው ማለት ነው፤ እነሱ ሳይፓክት የሚባል የራሳቸው ስምምነት አላቸው። የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ሐኪሞችና አማካሪዎች ደግሞ በ2018 በወጣ የፌዴራል ደንብ ከየትኛውም ስቴት ሆነው በየትኛውም ስቴት ያለ ቬተራን ማየት ይችላሉ። ያ ለእነሱ እንጂ ለእኔና ለአንቺ አይሠራም።

«አንድ ሁለቴ ብቻ ብናወራስ?» ትይኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብያለሁ። አታድርጊው። ልጅቷ ሦስተኛውን መከልከል አይገባትም።

ለእናትየው ብቻ ቢሆን መውጫው ቀላል ነበር። ሚሊተሪ ዋንሶርስ የሚባለው የፔንታጎን አገልግሎት ለወታደሩና ለቤተሰቡ በስልክ፣ በቪዲዮ፣ በቻት ወይም ፊት ለፊት ምክር ይሰጣል። በነፃ ነው፤ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ። 800-342-9647 ሌት ተቀን ይነሳል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ግን ገደቡን እወቂው። «ሕክምና ያልሆነ ምክር» ነው የሚሉት። ለትዳር ጭቅጭቅ፣ ለዝውውር ጭንቀት፣ ለሐዘን ጥሩ ነው። ከባድ ድብርት ወይም ከጦርነት የመጣ የመንፈስ ቁስል ሲሆን ወደ ሕክምና ይመራሉ። ያኔ ትራይኬር የሚባለው የወታደርና የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ ይመጣል። ባሏ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ከሆነ፣ በኔትዎርኩ ውስጥ ላለ ባለሙያ ለተመላላሽ ምክር እሷ ሪፈራል አያስፈልጋትም። ባልየው ግን ያስፈልገዋል። ቨርጂኒያ በምሥራቁ፣ ዋሽንግተን በምዕራቡ ክልል ስለሆኑ ኢንሹራንሱን የሚያስተዳድረው ኩባንያም ይቀየራል። ዕቃ ሳይጫን ይህን ይጨርሱት፤ ከደረሱ በኋላ ስልክ ላይ ሙዚቃ እየሰሙ መዋል ይመጣል።

ለልጅቷ ደግሞ ኤምፍላክ የሚባሉትን አማካሪዎች አጠያይቂላት። በየጦር ሰፈሩና የወታደር ልጆች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ አሉ። ፋይል አይከፍቱም። ፋይል አለመኖሩ ለአንዳንድ ቤተሰብ ከሁሉም በላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ሌላም አለ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ለተመላላሽ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በራሱ መፍቀድ ይችላል። ደንበኛሽ 14 ናት። እዚያ ስትደርስ ፈቃዱ በእጇ ነው። ለእናትየዋ ከአሁኑ ቀስ ብለሽ ንገሪያት። የሐበሻ እናት ይህን ከማታውቀው አማካሪ አፍ ድንገት ስትሰማ አይጥማትም።

ወደ ደህንነቱ ልለፍ። ዋሽንግተን ስቴት፣ ታኮማ ያለች ደንበኛ «ራሴን ልጎዳ ነው» ብትልሽና አንቺ ከአሌክሳንድሪያ 911 ብትመቺ፣ የሚያነሳው የአንቺው ከተማ ሰው ነው። እሱ እስኪያዛውርሽ ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ደንበኛ አድራሻ፣ የአካባቢውን የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል ባለ 10 አኃዝ ቁጥር፣ ጦር ሰፈር ውስጥ ከሆነች ደግሞ የሰፈሩን የወታደር ፖሊስ ቁጥር በወረቀት ጻፊ። አዎ፣ በወረቀት። ኮምፒውተሩ ላይ እሷ አለች፤ የዚያን ሰዓት እሷን ትተሽ ፋይል ስትፈልጊ አትገኚም።

የአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚለው መስመር ላይ ሁሉም የባላቸውን ስም ይሞላሉ። ባል ግን ባሕር ማዶ ነው! በ10 ደቂቃ ውስጥ በር ማንኳኳት የሚችል ሰው ጠይቂ። ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን እህት፣ የባሏ ጓደኛ ሚስት። መሣሪያ ቤት ውስጥ አለ ወይ፣ የት ተቆልፎ ይቀመጣል ብለሽም ጠይቂ። የወታደር ቤት ነውና አያፍሩበትም፤ የምናፍረው እኛ ነን። 988ን ይወቁት፤ 1ን ሲጫኑ ለወታደርና ለቬተራን ወደተለየው መስመር ይገባል። መስመር ቢቆረጥ ማን መልሶ እንደሚደውልም ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። አለበለዚያ ሁለታችሁም ስትጠባበቁ ግማሽ ሰዓት ያልቃል።

እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ምስጢሩ ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ማንም እንዳያውቀው ታሪኩን ቀያይሬዋለሁ። ምን ብጠይቀው መልሱ «ፋይን» ነው። ትምህርት? ፋይን። እንቅልፍ? ፋይን። አባትህ ደወለ? ፋይን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከበሩ ኋላ ድምፅ ሰማሁ። «ንገራት እንጂ! አፍህን ማን ዘጋው?» እናቱ ናት። ለካ በየሳምንቱ እዚያው ቆማ ስታዳምጥ ኖራለች። ክፋት የለባትም። ባሏ ግዳጅ ላይ ነው፣ ልጇ መናገር ትቷል፣ ጨንቋታል።

እናትየውን ለብቻዋ አናገርኳት። እሷም የራሷ 15 ደቂቃ እንዲኖራት ተስማማን፤ በልጁ ሰዓት ግን ትንሿን ይዛ መናፈሻ እንድትሄድ። በሩ ስር ቬንትሌተር አስቀመጥን፤ ድምፁ ወሬ ይሸፍናል። ለልጁ ማዳመጫ ገዙለት። በሚቀጥለው ሳምንት በቻቱ ላይ «መጻፍ ይቻላል?» ብሎ ጻፈልኝ። ይቻላል አልኩት። የዚያን ቀን አፉን ሳይከፍት አንድ ገጽ ሙሉ አወራኝ።

ጥቂት ቆይቶ ታብሌቱን ይዞ ቤቱን አስጎበኘኝ። ውሻው፣ አልጋው፣ ጌሙ። የፊት ለፊቱ በር ጋ ሲደርስ ካሜራው ወደ መሬት ዘቀጠና ትልቅ የወታደር ቦት ጫማ አየሁ። አቧራ ጠጥቷል። «ይሄ የማነው?» አልኩት። «የአባዬ ነው። እማዬ ከቦታው እንዳይነሳ ብላለች።» አባት ከሄደ 5 ወር አልፎታል። ልጁ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ እሱን ተሻግሮ ነው የሚወጣው። ሁለት ሳምንት ስለዚያ ጫማ አወራን። መጨረሻ ላይ እናትና ልጅ ጠርገው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት። የአባቱ መመለሻ ሲቃረብ መልሶ ማውጣት የልጁ ሥራ ይሁን ብለው ተስማሙ።

ይህን ቢሮ ውስጥ አላገኘውም ነበር። የቪዲዮ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ጉዳቱም አለ፤ የሚታይሽ ከአንገት በላይ ብቻ ነው። እግር ሲንቀጠቀጥ አታዪም። የእኛ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። «እንዴት ነሽ?» ስትያት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትልሻለች፤ በሩ ተዘጋ። ስለዚህ የሚጨበጥ ነገር ጠይቂ። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? እራት ምን በላሽ? ቡና አፍልተሽ ከማን ጋር ጠጣሽ? ቡና ብቻዋን መጠጣት ከጀመረች ያ ብዙ ይነግርሻል።

የወታደር ቤት የራሱ ምስጢርም አለው። ክፍሉ የት እንደሄደ፣ መቼ እንደሚንቀሳቀስ፣ መቼ እንደሚመለስ ቤተሰቡ እንዳያወራ ይነገረዋል። ልጅ ግን ያመልጠዋል። እኔ ልጁን አላስደነግጠውም፤ ማስታወሻዬ ላይ ግን ቦታና ቀን አልጽፍም። «አባት ግዳጅ ላይ ነው» ይበቃል።

የምትጠቀሚበት የቪዲዮ አገልግሎት ከአንቺ ጋር የጤና መረጃ ጥበቃ ውል የፈረመ ይሁን። በኮቪድ ጊዜ መንግሥት ዓይኑን ጨፍኖ የነበረው በ2023 አብቅቷል። ዋትስአፕና ቴሌግራም አይሆኑም። የእኛ ሰው ግን እኩለ ሌሊት ላይ በቴሌግራም የ7 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይልክልሻል። እዚያው አትመልሺ። በማግሥቱ በትክክለኛው መስመር «መልእክትሽ ደርሶኛል፣ ሐሙስ እናወራበታለን» በያት። ሁለት ሦስቴ ከሆነ በኋላ ይለምዱታል።

ስለ ሰዓት የሚነግርሽ ሌላ አሠልጣኝ ስለማታገኚ እኔ ልንገርሽ። አንድ እናት «በሦስት ሰዓት» አለችኝ። እኔ ከሰዓት በኋላ በ3፡00 ገብቼ ጠበቅኳት። እሷ ለካ ጠዋት በ9፡00 ገብታ፣ አንድ ሰዓት ጠብቃ፣ ተቀይማ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ «በፈረንጅ ከጠዋቱ 9፡00፣ በእኛ ሦስት ሰዓት» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ዋሽንግተን ስቴት ካንቺ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ደቡብ ኮሪያ ያለ አባት በወላጅ ስብሰባ ላይ ይግባ ካላችሁ ግን በአሜሪካ ሰመር 13፣ በዊንተር 14 ሰዓት ይቀድማችኋል፤ ኮሪያ ሰዓቷን አታዞርም። ያንቺ ማታ የእሱ የነገ ጠዋት ነው።

ተማሪዎቹም ጋ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው። ቨርጂኒያ ያደገች ልጅ ኦሃዮ ብትማር፣ የኦሃዮ ፈቃድ ከሌለሽ ዶርም ውስጥ እያለች ልታዪያት አትችዪም፤ ለገና ቤተሰቦቿ ጋ ስትመጣ ግን ትችያለሽ። አንድ ወር አይተሽ አራት ወር መተው ደግሞ ምክር አይሆንም። እንዲህ ላሉት የዩኒቨርሲቲያቸውን የምክር ማዕከል ነው የምነግራቸው። ብዙዎቹ በነፃ ነው፤ ማታና በእረፍት ቀን በቪዲዮ የሚያናግር አገልግሎት የገዙም አሉ። ችግራቸው ክፍለ ጊዜው ጥቂት መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚማሩትን ግን ተቀበዪ። ዶርም ውስጥ አብሮ የሚኖር ሰው ስላለ ብዙዎቹ ከመኪና ውስጥ ነው የሚደውሉት። መኪና ጥሩ ነው፤ ቁጭ ብላ ከሆነ። እየነዳች ከሆነ ስልኩን ዝጊው። እኔ እየነዳ የሚያለቅስ ልጅ ካየሁ በኋላ በዚህ አልደራደርም።

ደግሞ ደብዳቤው አለ። ልጁ በአባቱ ኢንሹራንስ ሲታከም፣ ምን አገልግሎት መቼ እንደተሰጠ የሚዘረዝረው ወረቀት ለባለ ኢንሹራንሱ ሊላክ ይችላል። አባት ፖስታውን ይከፍታል። «ልጄ አብዷል እንዴ?» ይመጣል። ኢንሹራንሱ ደብዳቤውን በሌላ አድራሻ እንዲልክ በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚቻል ለልጁ ንገሪው፤ መጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ክፍያ ሳትጠይቂ በፊት። በትራይኬር ላይ ያለ የወታደር ልጅ ከሆነ ሽፋኑ እስከ 21፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ እስከ 23 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 26 የሚገዛ ሌላ አለ። 23ኛ ልደቱ መቼ እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ።

ፋይል ስለሚፈሩት ሰዎች እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከእኛ ልጆች ጥቂት የማይባሉት ሠራዊቱ ውስጥ የገቡት ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም ነው። በ2008 መጨረሻ ተፈቅዶ እስከ 2016 የቆየ፣ ግሪን ካርድ የሌላቸውን የቋንቋ ችሎታ ያላቸውን ሰዎች የሚመለምል ነበር። አማርኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ብዙዎቹ ስለ ማንነታቸው ሲመረመሩ ረጅም ጊዜ ቆይተዋል። እንዲህ ያለፈ ሰው ሚስቱ አማካሪ ጋ መሄዷን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ክሊራንሱ፣ ማለትም ምስጢራዊ ሥራ ላይ የሚያስገባው የደህንነት ፈቃዱ ነው። «ስሜ የሆነ ቦታ ይጻፋል» ይላል። መማከር ብቻውን ክሊራንስ እንደማያስነጥቅ አስረጂው፤ የምርመራ ቅጹ ራሱ የአእምሮ ጤናን መንከባከብ እንደሚደገፍ ይናገራል። ወታደሩ ራሱ መታየት ሲፈልግም ብራንደን አክት የሚባለው ሕግ አለ፤ ምክንያቱን ሳይዘረዝር አለቃውን ጠይቆ ለምርመራ እንዲላክ ያስችለዋል። ግን ክርክር ውስጥ አትግቢ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። «ምን እጽፋለሁ፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ነው ሳልፈልግ የምናገረው» የሚለውን ቁጭ ብለሽ በአማርኛ ንገሪው። እንግሊዝኛውን ፎርም ሁሉም ሳያነብ ነው የሚፈርመው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ላይሰንሱ ከደረሰልሽ እሰየው። ካልደረሰ፣ የሚቀረሽን አንድ ወር በ«እናያለን» አትጨርሺው። ዛሬውኑ ንገሪያት፤ ታልቅስ። ሲያትልና ታኮማ አካባቢ ብዙ ሐበሻ ስላለ አማርኛ የሚችል አማካሪ ፈልጊላት። እሷ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልትመርጥ ትችላለች፤ እናቷ እንዳትሰማት። ምርጫዋን ጠይቂያት። ከዚያ ለአዲሷ አማካሪ የሚሰጥ አንድ ገጽ አብራችሁ ጻፉ። ምን እንደረዳት፣ ምን እንደሚያናድዳት፣ ስትጨነቅ ምን እንደምታደርግ። በራሷ ቃል ይሁን። እሷና እናቷ ከፈቀዱ ለትውውቅ ብቻ ሦስት ሆናችሁ በቪዲዮ ተገናኙ፤ ይህንንም ልጅቷ ገና ቨርጂኒያ እያለች አድርጊው። ምክሩን የምትመሪው አንቺ ነሽ፤ ያቺኛዋ ስሟን ተናግራ ትሰማለች።

ዕቃ ጫኞቹ የመጡ ዕለት ቢሆንም ችግር የለውም። ክፍሏ ባዶ ሆኖ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ትደውልልሽ። እዚያ ስትደርስ የትኛውን ካርቶን መጀመሪያ እንደምትከፍት ጠይቂያት። መልሷን አዲሷ አማካሪም ትስማው።